ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ሜዳ

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ጎልፍ ሜዳ አሠራር እንድናገር ተጋብዤ ነበር። መምጣት ያልቻላችሁ ጽሑፉን ላክልን ስላላችሁ ይኸው። አፌ እንዳመጣው ነው የተውኩት፣ ብዙም አላስተካከልኩትም። የምጠራቸው ዓመታት፣ ወራትና ወቅቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰላም ለሁላችሁም። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በአንድ ጠዋት ልጀምር። እንግሊዝ መሃል አገር፣ የጎልፍ ሜዳ ሣር መንከባከብ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ታኅሣሥ ነበር፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ቀዳዳ ቀይር ተባልኩ። ኳሷ የምትገባበት ቀዳዳ ቦታው በየጊዜው ይቀየራል፤ አለበለዚያ ዙሪያው ሲረገጥ ይውልና ሣሩ ይሞታል። ለዚህ የሚሆን አፉ ስለት የሆነ ክብ ብረት አለ። መሬቱ ላይ ታቆመዋለህ፣ ግራ ቀኝ እያዞርክ ትጫነዋለህ፣ ስትስበው ድፍን አፈር ይዞ ይወጣል። ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ነው። ስኮትላንድም ሂድ ጃፓን፣ ያው ነው።

ያን አፈር አወጣሁና ቁጢጥ ብዬ አየሁት። ከላይ ለዓይን የሚያሳሳ አረንጓዴ ሣር። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል፣ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ የሞተ ሥር። ከዚያ ጥቁር መስመር። ከዚያ ጭቃ። ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ሳደርገው የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ። አየር ያጣ አፈር እንደዚያ ነው የሚሸተው።

ሜዳው የተሠራው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሁለት ሰው ሠራሽ ኩሬ አለው። እንደ ተደፋ ሳህን ክብ ክብ ያሉ ጉብታዎች አሉት። ነጭ አሸዋ የሞላባቸው ባንከሮች አሉት። ፎቶውን ብታዩ ፍሎሪዳ ነው የምትሉት። ሲቆፈር ግን ልክ እንደ መረሬ ነው። ገበሬ ዘመድ ያላችሁ መረሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ውሃ ከያዘ አይለቅም፣ ካላጠነፈፉት ዘሩ ይበሰብሳል።

የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ድፍን አፈር የወጣ ነው። እንግሊዞች ከአሜሪካ የጎልፍ ሜዳ ንድፍ ምን ወሰዱ? የማምነውን ከአሁኑ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የወሰዱት መልኩን ነው። ከመሬት በታች ያለውን ዋናውን ነገር ለመውሰድ ግን ብዙ ዘገዩ። የሚገርመው ደግሞ፣ መልኩ ራሱ ቀድሞ ከነሱው አገር የሄደ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ከሥሩ እንነሳ። ስኮትላንድ ውስጥ በባሕሩና በእርሻው መካከል አሸዋማ መሬት አለ። ሊንክስ ይሉታል። እህል አያበቅልም። ሣሩ ቀጭንና አጭር ነው፤ ለበግና ለጥንቸል ካልሆነ ለምንም አይሆንም። ሰው እዚያ ላይ ኳስ መምታት ጀመረ። ማንም አልነደፈውም። ጉብታውን ንፋስ ሠራው፣ ሣሩን በግ ጋጠው። በጎቹ ከንፋስ የተጠለሉበት ጥግ ተቦርቡሮ አሸዋው ሲወጣ ባንከር ሆነ ይባላል። ዝናብ ሲመጣ አሸዋው ይጠጣዋል። ስለዚህ በጥርም ይጫወቱበታል። መሬቱ ደረቅና ጠጣር ስለሆነ ኳሷ ከወደቀች በኋላ ገና ትሮጣለች፤ የጨዋታው ግማሽ እዚያ ሩጫ ውስጥ ነው። የት እንድትወድቅ ብቻ ሳይሆን ወድቃ ወዴት እንደምትሄድ ማሰብ አለብህ።

የስኮትላንዷ ከተማ ሴንት አንድሩስ የዚህ ሁሉ እናት ናት። 1764 ላይ 22 የነበረውን ወደ 18 ጉድጓድ ዝቅ ያደረጉት እዚያ ነው፤ ዓለም ዛሬ 18 የሚጫወተው በዚህ የተነሳ ነው። (ጉድጓድ ስል ከመነሻው እስከ ቀዳዳው ያለውን መንገድ በሙሉ ማለቴ ነው።) መሬቱ የወል መሬት ነው። እሑድ እሑድ አሮጌው ሜዳ ለጨዋታ ይዘጋል። የከተማው ሰው ውሻውን ይዞ፣ ልጁን በጋሪ እየገፋ በመሃሉ ይንሸራሸራል። መጀመሪያ ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ያን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ የሚጫወቱበት ሣር ላይ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። አንድ ሌላ ነገርም አስተውሉ። ከአንዱ ግሪን (ቀዳዳው ያለበት፣ አጥብቆ የታጨደው ሣር) ወርደህ ወደ ቀጣዩ መነሻ ጥቂት እርምጃ ነው። ሜዳው ለእግረኛ የተሠራ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አሜሪካ። 1872 ላይ ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ከቺካጎ ወደ ሴንት አንድሩስ ለትምህርት ተላከ። አያቱ እዚያ ይኖሩ ነበር። አያቱ ወደ ቶም ሞሪስ ሱቅ ወሰዱት። ሽማግሌው ቶም የሚሉት ሰው ነው፤ የሜዳው ጠባቂ፣ ዱላ ሠሪ፣ የብሪታንያውን ታላቅ ውድድር ኦፕን ሻምፒዮናን አራት ጊዜ ያሸነፈ። ልጁ ለክለቡ ዕድሜው ስላልደረሰ የዕቃ ሣጥን እዚያ ሱቅ ውስጥ ተሰጠው። ሁለት ዓመት ያህል ሲጫወት ኖረ። ቺካጎ ሲመለስ ግን ጎልፍ የሚባል ነገር የለም። ዱላ ይዞ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ይህን ስታስቡት አያሳዝናችሁም? እንደ አንድ ከአገሩ የራቀ ሰው፣ የለመደውን ነገር ፈልጎ እንዳጣ ሰው፣ እኔ በደንብ ይገባኛል። ወደ 20 ዓመት ገደማ ጠብቆ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ አካባቢ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ሠራ።

ከዚያ የበለጠ ነገር አሰበ። ወደ ብሪታንያ እየተመላለሰ ምርጥ የሚባሉትን ጉድጓዶች አጠና፣ ንድፋቸውን ይዞ ሄደና ሎንግ አይላንድ ላይ 1911 የተከፈተውን ናሽናል ጎልፍ ሊንክስን ሠራ። ከፕሬስትዊክም፣ ከሴንት አንድሩስም ወሰደ፤ ከኖርዝ ቤሪክ ደግሞ ሬዳን የሚባለውን። ሬዳን በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ሴቫስቶፖል ላይ የነበረ የሩሲያ ምሽግ ስም ነው። ግሪኑ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ያጋድላል፤ ፊቱ ላይ ጥልቅ ባንከር ተደግኗል። ቀዳዳው ላይ የተተከለውን ባንዲራ በቀጥታ ካነጣጠርክ ባንከሩ ይጠብቅሃል። ኳሷን ወደ ቀኝ ጥለህ፣ መሬቱ ራሱ አንሸራትቶ እንዲያደርስልህ ማድረግ አለብህ። ማክዶናልድ የቀዳው ይህን ሐሳብ ነው። የባሕሩን፣ የሣሩን መልክ አልቀዳም። መሬትን የጨዋታ አጋር ማድረግን ነው የቀዳው። ለእኔ ይህ ሰው ጥሩ ተማሪ ነው።

ሌሎችም ሄዱ። ዶናልድ ሮስ ከሰሜን ስኮትላንድ፣ ከዶርኖክ፣ 1899 ላይ ተሰድዶ ፓይንኸርስትን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜዳዎችን ሠራ። ግን እኔ ማንሳት የምፈልገው አሊስተር ማኬንዚን ነው። የዮርክሽር ሰው፣ ሐኪም። በቦር ጦርነት ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ነበር። ከእንግሊዝ ጋር የሚዋጉት ቦሮች (የደች ዝርያ ያላቸው ሰፋሪዎች) ምሽጋቸውን ከአካባቢው መሬት ጋር አመሳስለው እንዴት እንደሚሰወሩ አየ። ከዚያ በኋላ ሕክምናውን ትቶ ሜዳ ሲሠራ የሠራው ሁሉ እዚያው የበቀለ እስኪመስል ይደክም ነበር። ዝነኛው አሜሪካዊ ተጫዋች ቦቢ ጆንስ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ኦገስታ ናሽናልን ሲያሠራ የመረጠው እሱን ነው። ጆንስ ራሱ 1921 ላይ ሴንት አንድሩስ መጥቶ ተናድዶ ጨዋታውን አቋርጦ የወጣ፣ በኋላ ግን ያንኑ ሜዳ ከሁሉ በላይ የወደደ ሰው ነው። ሁለቱ የሴንት አንድሩስን መንፈስ ኦገስታ ላይ መዝራት ፈለጉ። ሰፊ ፌርዌይ (ከመነሻ ወደ ግሪን የሚወስደው የታጨደ መንገድ)፣ ረጅም ሣር የሌለበት፣ ኳስ የሚሮጥበት። 1933 ሲከፈት በመላው ሜዳ 22 ባንከር ብቻ ነበረው።

እስከዚህ ድረስ የምሥራች ነው። ስኮትላንድ አስተማረች፣ አሜሪካ ተማረች።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ኦገስታ ላይ የሚካሄደው ውድድር በየዓመቱ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በቀለም ይታያል። እንግሊዝ ውስጥ ያን ሰሞን መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሣሩ ከእንቅልፉ አልነቃም፣ ቢጫ ነው። አባላቱ ማታ ኦገስታን አይተው ጠዋት ክለባቸው ይመጣሉ። እንደዚያ አረንጓዴ የማይሆነው ለምንድን ነው ይላሉ። የሣር ባለሙያዎች ለዚህ ስም አላቸው፣ የኦገስታ በሽታ ይሉታል። ውሃ ጨመሩ፣ ማዳበሪያ ጨመሩ። ውሃና ማዳበሪያ ሲበዛ ደግሞ ቀጭኑ፣ ሥሩ ጥልቅ የሆነው ነባሩ ሣር ይሸነፋል። በቦታው ፖአ የሚባለው ሥሩ አጭር፣ በሽታ የሚወድ ሣር ይገባል። ጂም አርተር የሚባል እንግሊዛዊ የሣር ሊቅ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሲሟገት ኖረ። ብዙ ክለቦች ግን አልሰሙትም። ኦገስታ በበጋ ለወራት እንደሚዘጋ፣ በየመኸሩ አዲስ ሣር እንደሚዘራበት፣ የሚወጣበትን ገንዘብ ማንም አላሰበም። የመንደር ክለብ እንደዚያ ሊሆን አይችልም። ደግሞ ምን ያሳዝናል መሰላችሁ? የሚቀናበት ሜዳ ዮርክሽር በተወለደ ሰው እጅ፣ ሴንት አንድሩስን እያሰበ የተነደፈ ነበር።

ከቴሌቪዥኑ ጋር ሮበርት ትሬንት ጆንስ የሚባል ሌላ ነዳፊ መጣ። እሱም ቢሆን በትውልዱ እንግሊዛዊ ነው፣ ላንካሽር ውስጥ 1906 ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሜዳ ንድፍ ሥራ እንዲያስተምረው የራሱን ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅቶ ተማረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቡልዶዘር በየቦታው ነበረ፤ ከዚያ በፊት በፈረስና በአካፋ የሚንቀሳቀስ አፈር አሁን በሳምንት ተራራ ሆነ። ኦክላንድ ሂልስን ለ1951ዱ የአሜሪካ ኦፕን ሲያድሰው፣ የጎበዞቹ ኳስ በሚያርፍበት ቦታ ግራና ቀኝ ባንከር አሰለፈ። ቤን ሆገን አሸነፈ፤ ያሸነፈው ግን ፓር ከሚባለው፣ ከጎበዝ ተጫዋች ከሚጠበቀው የምት ቁጥር፣ ሰባት በልጦ ነው። ከዚያ ጀምሮ መንገዱ ተቀየረ። ረጃጅም መነሻዎች፣ ትልልቅ ግሪኖች፣ ግሪን ሥር የተጠጋ ኩሬ። ኳስ በአየር ሄዶ ለስላሳ ግሪን ላይ ጠብ ብሎ ይቆማል። መሬቱ ኳሷን የሚቀበላት ትራስ ብቻ ሆነ።

ኳሷም ራሷ ተቀየረች። ብሪታንያ ትጠቀምባት የነበረችው ትንሽ ያነሰች ናት፣ 1.62 ኢንች። የአሜሪካኗ 1.68 ነበረች። ትንሿ ንፋስ ሰንጥቃ ዝቅ ብላ ትሄዳለች፤ ትልቋ ከፍ ትላለች፣ ቶሎ ትቆማለች። ኦፕን ሻምፒዮና 1974 ላይ ትልቋን አስገዳጅ አደረገ፣ ትንሿ 1990 ላይ ጭራሽ ታገደች። የኢንች ስድስት መቶኛ ነው ልዩነቱ። ሜዳን ግን ቀየረ፤ ከፍ ብላ የምትወርድ ኳስ የሚቀበላት ለስላሳ ግሪን ትፈልጋለች።

ትሬንት ጆንስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊድስ አቅራቢያ ሙር አለርተንን ሠራ። ብሪታንያ ውስጥ የመጀመሪያ ሜዳው ነው፤ ያውም ማኬንዚ ሥራውን በጀመረበት ከተማ ዳር። ግን ሰው ሁሉ ያወቀው አሜሪካዊ መልክ ዘ ቤልፍሪ ነው።

ዘ ቤልፍሪ በርሚንግሃም አጠገብ ነው። ብራባዞን የሚባለው ሜዳ 1977 ከመከፈቱ በፊት ቦታው ድንች የሚዘራበት ዝርግ እርሻ ነበር። ነዳፊዎቹ ፒተር አሊስና ዴቭ ቶማስ ናቸው። አሜሪካዊ አይደሉም፤ ሐሳቡ ግን አሜሪካዊ ነው። ዝርግ መሬት ላይ ድራማ ከየት ይመጣል? ከውሃ። 10ኛው አጭር ጉድጓድ ነው፣ ግሪኑ ከውሃ ማዶ ነው። ደፋር በአንድ ምት ይሞክረዋል፣ ጥንቁቅ በሁለት ይሄዳል። ስፔናዊው ተጫዋች ሴቬ ባየስቴሮስ 1978 ላይ በአንድ ምት ግሪኑ ላይ አሳርፏታል። 18ኛው ደግሞ ውሃውን ሁለት ጊዜ ያሻግርሃል፣ አንዴ ከመነሻው፣ አንዴ ወደ ግሪኑ።

ይህን ሜዳ ልተቸው ብዬ ነበር የተነሳሁት። አልቻልኩም። 1985 ላይ ራይደር ካፕ በሚባለው የሁለቱ ቡድኖች ውድድር አውሮፓ አሜሪካን እዚሁ 16½ ለ11½ አሸነፈ። አሜሪካ ከ1957 ወዲህ ተሸንፋ አታውቅም ነበር። የአውሮፓው ሳም ቶራንስ 18ኛው ግሪን ላይ የማሸነፊያዋን ኳስ አስገብቶ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋው እዚያ ነው። 1989 ላይ እዚያው ተመለሱ። ማርክ ካልካቬኪያና ፔይን ስቴዋርት፣ አሜሪካውያኑ፣ 18ኛው ላይ ኳሳቸውን ውሃ ውስጥ ከተቱ። የአውሮፓው ክሪስቲ ኦኮነር ጁኒየር ግን ከ200 ሜትር በላይ ርቀት፣ ውሃውን አሻግሮ 2 ቁጥር ብረት በሚባለው ዱላ መታና ኳሷ ቀዳዳው አጠገብ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ቆመች። ምስሉን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ኳሷ ስትቆም ሰውዬው እንባ ነው የቀደመው። ያ ሜዳ ባይኖር ያ ቀን አይኖርም። አሜሪካዊው ንድፍ ለብሪታንያ ሕዝብ እንዲህ ያለ ቀን ሰጥቶታል፣ መካድ አይገባም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቤልፍሪ ልሁን ማለቱ ነው። 1989 ላይ አር ኤንድ ኤ፣ የጎልፉ የበላይ አካል፣ እስከ 2000 ድረስ 700 አዲስ ሜዳ ያስፈልጋል የሚል ጥናት አወጣ። ባለሀብት ተሯሯጠ። ገበሬ እርሻውን ሸጠ። ታዋቂው አሜሪካዊ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ ኮርንዎል ውስጥ ሴንት ሜሊየንን ሠራ፤ 1988 ተከፈተ፣ ብሪታንያ ውስጥ የመጀመሪያው የኒክላውስ ሜዳ ነው። ከዚያ ለንደን ዙሪያና ስኮትላንድ ግሌንኢግልስ። ስም ያለው አሜሪካዊ መቅጠር ያልቻለ የአሜሪካን መልክ ራሱ ቀዳ። ኢኮኖሚው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲወድቅ ብዙዎቹ ከሰሩ፣ በዕዳ ተሸጡ። የኔ ሜዳ ከዚያ ትውልድ ነው። ኩሬው ተቆፈረ፣ ጉብታው ተከመረ፣ የእንግዳ መቀበያው ሕንፃ አማረ። ግሪኖቹ ግን በዚያው በቦታው ጭቃ ተሠሩ። አሸዋና ጠጠር ውድ ነው፣ ደግሞ ፎቶ ላይ አይታይም።

ጉብታዎቹን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን የሚያውቀው ማጨጃ የነዳ ነው። ፍሎሪዳ መሬቱ አሸዋ ነው፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ከጉብታው የወረደ ውሃ ሥሩ ሳይደርስ ይደርቃል። ጭቃ ላይ የተሠራ ጉብታ ውሃውን ሁሉ ወደ እግሩ ይልከዋል። እዚያ ይተኛል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ማጨጃ አይገባበትም፣ ጎማው ይሰምጣል። ጫፉ ላይ ደግሞ በጋ ሣሩ ይቃጠላል። አንድ ጉብታ፣ ጫፉ በረሃ፣ እግሩ ረግረግ።

ለእግረኛ የተሠራ ሜዳ ብዬ ነበር፤ ልመለስበት። አዲሶቹ ሜዳዎች ከቤትና ከሆቴል ጋር ስለተሠሩ አንዱ ግሪን ከቀጣዩ መነሻ ይርቃል። በመሃሉ ቪላ አለ። ስለዚህ ባለ ባትሪ መኪና ትከራያለህ። መኪናው አስፋልት መንገድ ይፈልጋል። አጥር አለ፣ በር ላይ ጥበቃ አለ። አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከሜዳችን ጎን ይኖሩ ነበር፤ በልጅነታቸው በዚያ እርሻ ውስጥ እያቋረጡ ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር ነግረውኛል። አሁን በአጥሩ ዞረው ነው የሚሄዱት። ይህን የነገሩኝ ሳያማርሩ ነው። እኔን ግን ከንክኖኛል። ከአሜሪካ ከመጣው ሁሉ ለኔ ትልቁ ጉዳት ኩሬው አይደለም፣ አጥሩ ነው።

ውሃና መሬት ሲጣሉ ምን እንደሚመጣ ዓለም ያየው ዌልስ ውስጥ ነው። 2010 ሴልቲክ ማነር ላይ ራይደር ካፕ ሲካሄድ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ገና በመጀመሪያው ቀን ጨዋታው ከሰባት ሰዓት በላይ ቆመ። ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰኞ ተሻገረ። የሜዳው ሠራተኞች በመጥረጊያ ውሃ ሲገፉ ያደሩበትን ቴሌቪዥን ላይ ሳይ ወገቤን አመመኝ። ያን ሥራ አውቀዋለሁ።

አሁን ደግሞ ከአሜሪካ የመጣውን ጥሩ ነገር ልናገር፤ ማንም የማያወራለት እሱ ነው። 1960 ላይ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር አንድ የግሪን አሠራር አወጣ። መሬቱን ትቆፍራለህ። ከታች ቱቦ ትዘረጋለህ። በላዩ 10 ሴንቲሜትር ጠጠር። በላዩ 30 ሴንቲሜትር ተመርጦ የተለካ አሸዋ፣ በትንሽ ብስባሽ ተደባልቆ። አለቀ። ጥበቡ የት ነው? ውሃ ከደቃቅ አሸዋ ወደ ትልልቅ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። አሸዋው እስኪጠግብ ይጠብቃል፣ ሲጠግብ ይለቃል። ስለዚህ ድርቅ ሲሆን ትንሽ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ዝናብ ሲበዛ ያጠነፍፋል። ሰው በእጁ የሠራው ሊንክስ ነው ብትሉት አልተሳሳታችሁም። የባሕሩ ዳር አሸዋ በተፈጥሮ የሚያደርገውን፣ ጭቃ መሃል ላይ እንዲያደርግ አስገደዱት። ፎቶ ላይ ግን ምንም አይታይም።

ከአሜሪካውያኑም ውስጥ መሬትን ያከበሩ መጡ። ቶም ዋይስኮፍ ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ሎመንድ የሚባለውን ሜዳ ሲሠራ፣ አንድ ንጋት ብቻውን ቦታውን ሊያይ ወጣ። 14ኛው ጉድጓድ አካባቢ ረግረግ ውስጥ ገባና ሰመጠ። ሰው ደርሶ እስኪያወጣው ለሰዓታት እዚያ ተያዘ። 1973 ላይ ኦፕን ያሸነፈ ሰው ነው፤ በገዛ ሜዳው ረግረግ ሊሞት ነበር። ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር አስባለሁ። ብቻውን፣ በእግሩ፣ በንጋት የወጣ ነዳፊ ነው። ብዙዎቹ በሄሊኮፕተር መጥተው ካርታ ላይ ፈርመው ይሄዱ በነበረበት ዘመን።

ኪንግስባርንስን ያየ ደግሞ ይገረማል። ከሴንት አንድሩስ ብዙ አይርቅም፣ 2000 ላይ ተከፈተ። ነዳፊው የካሊፎርኒያው ካይል ፊሊፕስ ነው። ቦታው የእርሻ መሬት ነበር። ቡልዶዘር አስገቡ፣ ብዙ አፈር አንቀሳቀሱ። ሥራው ሲያልቅ ግን ያ አፈር በሰው እጅ እንደተነካ የሚያሳይ ምልክት የለም። ጉብታው እንደ ሳህን ክብ አይደለም። አንዱ ዘመም ይላል፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል፣ ሣሩ እንደ በግ ፀጉር ይተኛል። ቆሜ የት ነው የሰው፣ የት ነው የባሕሩ ብዬ ፈለግሁ፤ በሙያዬ እንኳ ልለየው አልቻልኩም። ቡልዶዘሩ ያው የትሬንት ጆንስ ቡልዶዘር ነው። የነዳው ዓይን ነው የተለየው። አሜሪካዊው ነዳፊ ቶም ዶክም እንዲሁ። እሱም የኮርኔል ተማሪ ነበር፤ ትምህርቱን ጨርሶ በ1982 በጋ ሴንት አንድሩስ ሄዶ ካዲ ሆኖ ቦርሳ ተሸከመ። በኋላ ስኮትላንድ ውስጥ ሙርፊልድ ከሚባለው ሜዳ ጎን ሬኔሳንስ ክለብን ሠራ። አሁን የስኮትላንድ ኦፕን የሚካሄደው እዚያ ነው። ከማክዶናልድ 110 ዓመት በኋላ ሌላ ወጣት አሜሪካዊ እዚያው ከተማ መጥቶ ተማረ፤ ልዩነቱ እሱ የተማረውን ይዞ ወደዚያው መመለሱ ነው።

ስለዚህ አሜሪካ ብሪታንያን አበላሸች የሚሉ ሲመጡብኝ እሺ አልልም። አሜሪካ አዳነችን የሚሉትንም እንዲሁ። የትኛው አሜሪካ እንደሆነ ንገሩኝ እላለሁ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ነው ወይስ ቱቦው? ከሄሊኮፕተር የወረደው ነው ወይስ ረግረግ ውስጥ የገባው?

ጥያቄ ከማስተናገዴ በፊት የኔን ሜዳ ጉዳይ ልጨርስላችሁ። ከዓመታት ልመና በኋላ 7ኛውን ግሪን እንድናፈርሰው ተፈቀደ። መስከረም ላይ ገባንበት። ጭቃውን ስናወጣ ያ ሽታ ሜዳውን ሞላው። ቱቦውን ዘረጋን፣ ጠጠሩን አፈሰስን፣ አሸዋውን በእግራችን ረግጠን ረግጠን ደለደልን። ስድስት ሳምንት ፈጀ። ለአንድ ክረምት ማንም አልተጫወተበትም። አባላቱ ተቆጡ፣ ልክ ናቸው፣ ከፍለዋል።

በቀደም፣ ሌሊቱን ሙሉ ከዘነበ በኋላ፣ ቀዳዳ ልቀይር ሄድኩ። 6ኛው ላይ ውሃ ተኝቷል፣ 8ኛው ላይ ውሃ ተኝቷል። 7ኛው ላይ ጫማዬ አልረጠበም። ብረቱን ተክዬ አዞርኩ፣ አወጣሁ። ሥሩ ነጭ ነው፣ እንደ ክር ቀጭን፣ እስከ ታች ድረስ ወርዷል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የአሸዋ ሽታ ብቻ ነው።